ውጊያ የሚበዛበትን የውትድርና ሙያ መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ወታደር መሆን እፈልጋለሁ» የሚል ብዙ ነው። «ወታደር ሆነህ ምን ልትሠራ?» ሲባል ግን አብዛኛው ዝም ይላል። ጦር ውስጥ ወጥ ቤት አለ፣ ጋራዥ አለ፣ ሒሳብ ክፍል አለ፣ ምሽግም አለ። ይህ ገጽ ምሽጉን ለሚያስቡት ነው። ልጃቸው ድንገት ይህን ሐሳብ ይዞ ለመጣባቸው ወላጆችም ይሆናል። ምሳሌዎቹ ከተለያዩ አገሮች ጦር የተወሰዱ ናቸው። የአሜሪካው በዛ ካላችሁ፣ ደንቡ በይፋ ተጽፎ ስለሚገኝ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውጊያ በብዛት የሚያጋጥማቸው ሙያዎች የትኞቹ ናቸው?

አንደኛ እግረኛ ነው። ይህ በየትኛውም አገር ያው ነው። መሬት የሚይዘውም የሚለቀውም እግረኛው ነው። መትረየስ ተኳሹ፣ የሞርታር ምድቡ፣ አልሞ ተኳሹ አብዛኛውን ጊዜ ከእግረኛው መሀል ይወጣሉ። ከዚያ ታንከኛው አለ። ከዋናው ጦር ቀድሞ ሄዶ ጠላት የት እንዳለ የሚያይ ቃኚ አለ። አየር ወለዱና ኮማንዶውም አሉ።

ሰው የሚረሳቸው ደግሞ አሉ። መሐንዲስ ሲባል ቢሮ ቁጭ ብሎ ንድፍ የሚያወጣ ሰው ይመስለናል። የውጊያ መሐንዲስ ግን ሌላ ነው። የተቀበረ ፈንጂ ፈልጎ የሚያመክን፣ ሽቦ የሚቆርጥ፣ ወንዝ ላይ ድልድይ የሚዘረጋ ሰው ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ እየተተኮሰበት። እግረኛው «መንገዱ ተከፍቷል» ተብሎ ሲነሳ፣ የከፈተው ሰው እዚያው ፊት ላይ ነው።

መድፈኛም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው። መድፉ አጠገብ ያለው ከግንባሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊሆን ይችላል። ዒላማውን በዓይኑ አይቶ «ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ጨምር» እያለ በሬድዮ የሚያስተካክለው ግን ከእግረኛው ጋር ነው የሚተኛው። ሁለቱም «መድፈኛ» ይባላሉ። ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ የሙያውን ስም ብቻ ሰምታችሁ አትወስኑ።

ሾፌር ወይም መካኒክ ብሆን ከውጊያ እርቃለሁ?

ትርቃለህ። ግን ተማምነህ የምትተኛበት ርቀት አይደለም።

ማርች 23 ቀን 2003 የሆነውን ልንገርህ። የአሜሪካ ጦር 507ኛ የጥገና ሻምበል ኢራቅ ውስጥ ሲጓዝ መንገድ ሳተና ናሲሪያ የምትባል ከተማ ውስጥ ገባ። በመኪኖቹ ላይ የነበሩት መካኒኮች፣ የንብረት ክፍል ሠራተኞች፣ ወጥ ሠሪዎች ነበሩ። እዚያ ደፈጣ ጠበቃቸው። 11 ወታደሮች ሞቱ፣ ሌሎች ተማረኩ። ከተማረኩት አንዷ የክፍሉ ወጥ ሠሪ ነበረች። የብዙዎቹ መሣሪያም በዚያች ሰዓት አልተኩስ አለ።

ማርች 20 ቀን 2005 ደግሞ ሊ አን ሄስተር የምትባል የወታደራዊ ፖሊስ ሳጅን ኢራቅ ውስጥ የጭነት መኪኖች እያጀበች ነበር። ደፈጣ ገጠማቸው። ጠላት የተኛበት ቦይ ውስጥ ገብታ ተዋጋች። ሲልቨር ስታር የተባለውን የጀግንነት ሜዳይ አገኘች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ይህን ሜዳይ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ወረቀቱ ላይ ግን እግረኛ አይደለችም።

ጦሩ ራሱም ነገሩ ገብቶታል። ለተዋጋ እግረኛ የሚሰጥ ባጅ ከ1943 ጀምሮ ነበር። በ2005 እግረኛ ሳይሆኑ ጠላት ለገጠሙ የሚሰጥ ሌላ ባጅ ተፈጠረ። ሾፌሩም መካኒኩም ያጠልቁት ጀመር።

ዩክሬን ላይ ደግሞ ይህ ነገር ባሰ። ስንቅና ጥይት የሚያመላልስ ሾፌር ዛሬ በትንሽ ድሮን ይታደናል። ድሮን የሚያበረውም ቢሆን ጆይስቲክ ይዞ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው አይደለም። ምድር ቤት ወይም ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ፣ ራሱ እየታደነ ነው የሚያበረው። ዩክሬን በ2024 የድሮን ኃይልን ራሱን የቻለ የጦር ክፍል አድርጋ አቋቁማለች። «ደጀን» የሚለው ቃል በየዓመቱ እየጠበበ ነው።

ታዲያ እግረኛ ከሆንኩ መዋጋቴ አይቀርም ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሙያ ዕድሉን ያሰፋል ወይም ያጠባል። የሚወስኑት ግን ሌሎች ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የተመደብክበት ክፍል፣ የተላክበት ቦታ፣ እና ዘመኑ። አገሩ ሰላም ከሆነ፣ ክፍልህም ተራው ካልደረሰ፣ አራት ዓመት እግረኛ ሆነህ አንድ ጥይት በሰው ላይ ሳትተኩስ ልትወጣ ትችላለህ። ያው ሙያ፣ ያው ሥልጠና፣ በሌላ ዓመት ደግሞ በየሳምንቱ ቀብር ሊሆን ይችላል። ይህን አንተም መልማይህም አትመርጡትም።

ስለዚህ እኔ የምመክረው አንድ መፈተኛ አለ። ስለ ውጊያው ቀን አታስብ። ውጊያ የሌለበትን ተራ ማክሰኞ አስብ። ምክንያቱም የወታደር ዕድሜ በአብዛኛው ማክሰኞ ነው።

የእግረኛ ማክሰኞ እንዲህ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ጥበቃ ላይ ነህ። ዝናቡ ጃኬትህን አልፎ አንገትህ ውስጥ ገብቷል። ተረኛው 10 ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ከመጣ። ጠዋት ጠመንጃህን ፈታተህ ትወለውላለህ። አስር አለቃው ነጭ ጨርቅ አፈሙዙ ውስጥ ያስገባል፣ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ እንደገና ትወለውላለህ። ከሰዓት አንድ ክፍል በር ላይ እንዴት ተከታትሎ እንደሚገባ ትለማመዳለህ። ሃምሳ ጊዜ። ከዚያ መኪና ትጠብቃለህ። መኪናው አይመጣም። በእግር ትመለሳለህ።

ይህ ሲነበብ «አይ፣ ይሁን፤ ከልጆቹ ጋር ከሆነ እችለዋለሁ» ካልክ፣ እግረኛ ያንተ ሙያ ሊሆን ይችላል። የምታስበው ተኩሱን ብቻ ከሆነ ግን ትሰለቻለህ። የተሰላቸ ወታደር ደግሞ ለራሱም ለጎረቤቱም አደጋ ነው።

መልማዩ «የፈለግከውን ሙያ እንሰጥሃለን» አለኝ። ልመነው?

ሰውየው ውሸታም ነው አልልም። ግን የእሱ ሥራ ቁጥር ማሟላት ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ውሉ ላይ ወይም አባሪው ላይ ያልሰፈረ ቃል የለም ብለህ ቁጠር።

ሌላም አለ። ውል ላይ የተጻፈው ራሱ ከሚመስለው ሰፋ ያለ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ምድር ጦር ውስጥ እግረኛ ለመሆን የሚፈርም ሰው «11ኤክስ» የሚል ኮድ ይጻፍለታል። ይህ ማለት እግረኛ መሆንህ ተረጋግጧል፤ ግን ጠመንጃ ተሸካሚው 11ቢ ትሁን ወይስ የሞርታር ምድቡ 11ሲ፣ የሚወሰነው ኋላ ነው፤ በጦሩ ፍላጎት። ሞርታር መሸከም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ልዩነቱ ይገባዋል።

የዓመቱን ቁጥርም በደንብ አንብብ። አሜሪካ ውስጥ «ሦስት ዓመት ፈረምኩ» የሚል ልጅ በሕጉ በጠቅላላው የ8 ዓመት ግዴታ አለበት። የቀረው ጊዜ በተጠባባቂነት ይቆጠራል፤ ከተፈለገ ይጠራል።

በቀጥታ ልዩ ኃይል መግባት አይሻልም?

የሚቻልባቸው አገሮች አሉ። አሜሪካ ውስጥ ከሲቪል ተነስቶ ለልዩ ኃይል፣ ማለትም ለተመረጠው የኮማንዶ ክፍል፣ መሞከር የሚያስችል ውል አለ። ቃሉን ግን ልብ በል፦ መሞከር። ውሉ የሚሰጥህ የመፈተን ዕድል ነው።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል «ሲል» (SEAL) የሚባለው የኮማንዶ ክፍል ምልመላ ውስጥ «የገሃነም ሳምንት» የሚሉት አለ። አምስት ቀን ተኩል ገደማ በብርድ፣ በውሃና በአሸዋ ውስጥ ያልፋል፤ የሚተኙት በድምሩ አራት ሰዓት ያህል ነው። ከሚጀምሩት አብዛኞቹ አይጨርሱም። የሚያቆም ሰው ደወል ይደውላል።

የምጠይቅህ ጥያቄ ይህ ነው፦ ብትወድቅ ምን ትሆናለህ? ምክንያቱም ብትወድቅም ውሉ አይቀደድም። ጦሩ በፈለገው ቦታ ይመድብሃል። ሁለተኛው ምርጫህ የምትጠላው ሥራ ከሆነ፣ በመጀመሪያው አትቆምር።

ሴት ነኝ። በሩ ክፍት ነው?

በብዙ አገር አዎ። ኖርዌይ በ1985 ሁሉንም ሙያ ከፈተች፣ ሰርጓጅ መርከብን ጨምሮ። ካናዳ በ1989 ተከተለች፤ ሰርጓጁ ብቻ ቆየ። አሜሪካ በዲሴምበር 2015 ሁሉም የውጊያ ሙያ እንዲከፈት ወሰነች። እንግሊዝ በ2018 ጨረሰች። ከአሜሪካው ውሳኔ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 2015፣ ሁለት ሴት መኮንኖች የአሜሪካ ምድር ጦርን ከባድ የውጊያ ሥልጠና፣ ሬንጀር ትምህርት ቤትን፣ ጨርሰው ነበር።

በር ተከፈተ ማለት ሸክሙ ቀለለ ማለት እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። የአሜሪካ ምድር ጦር ከ2025 ጀምሮ ለውጊያ ሙያዎች የወንዱንም የሴቷንም የአካል ብቃት መመዘኛ አንድ አድርጓል። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ሸክም ይዞ መራመድን ተለማመጂ። ሩጫ ብቻውን አያዘጋጅሽም። እግሩ ቀጭን የሆነ ፈጣን ሯጭ ቦርሳው ሲጫንበት እንዴት እንደሚሆን ሥልጠና ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ግንባር መሆን እፈልጋለሁ፣ ሰው መግደል ግን አልፈልግም። ይህ ይቻላል?

ጥያቄው እንግዳ ይመስላል። አይደለም። ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ እኔም የምወደው ጥያቄ ነው።

የግንባር ሕክምና ሰጪ ሁን። በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት የጦር ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው የተጠበቁ ናቸው፤ ሊጠቁ አይገባም። ራሳቸውንና ቁስለኛቸውን ለመከላከል ቀላል መሣሪያ ቢይዙም ይህ ጥበቃ አይነሳባቸውም። በወረቀት እንዲህ ነው። ሜዳ ላይ ሁሉም ወገን ሕጉን ያከብራል ማለት ግን አይደለም። አንዳንድ ጦር ውስጥም ሕክምና ሰጪው ከሌላው እኩል እንዲተኩስ ይጠበቃል። የምትገባበትን ጦር አስቀድመህ ጠይቅ።

መሣሪያ ጨርሶ ሳይነካ የተዋጋ ሰው ግን ታሪክ ያውቃል። ዴዝመንድ ዶስ በሃይማኖቱ ምክንያት ጠመንጃ አልይዝም ብሎ የአሜሪካ ጦር ሕክምና ሰጪ ሆነ። ሥልጠና ላይ ጓደኞቹ አላገጡበት። በ1945 ኦኪናዋ ላይ ክፍሉ ከአንድ ገደል አናት ሲያፈገፍግ እሱ እዚያው ቀረ። ቁስለኞችን አንድ በአንድ በገመድ እያሰረ ወደ ታች አወረደ። 75 ሰዎች እንዳዳነ ይነገርለታል። የአገሪቱን ትልቁን ሜዳይ ተቀበለ።

ሥራው በቅርብ ሲታይ ጀግንነት አይመስልም። የተጎዳው ሰው ይጮሃል። ሱሪውን በመቀስ ከታች እስከ ላይ ትቀደዋለህ። ደሙ ከየት እንደሚመጣ በዓይን አይገኝም፣ በእጅህ ትፈልጋለህ። ደም ማቆሚያ ማሰሪያውን ከቁስሉ በላይ ጠቅልለህ ማጥበቂያ ዘንጉን ታዞራለህ፣ ታዞራለህ፣ ሰውየው «ተወኝ» እያለ ይሰድብሃል፤ ደሙ እስኪቆም አትተወውም። ከዚያ ሰዓቱን ትጽፋለህ። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ጥቅም አለው። የአሜሪካ ምድር ጦር ሕክምና ሰጪ ሥልጠናውን ሲጨርስ በሲቪሉ ዓለምም የሚታወቅ የድንገተኛ ሕክምና ማረጋገጫ ይይዛል። እግረኛው እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ አይወጣም።

ሰውነቴ ይችለዋል?

ለማሳያ አንድ ልኬት ልስጥህ። የአሜሪካ ምድር ጦር እግረኛ የላቀ ብቃት ባጅ ለማግኘት ከሚያልፋቸው ፈተናዎች አንዱ 19 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድን 16 ኪሎ ገደማ ቦርሳ ተሸክሞ በ3 ሰዓት መጨረስ ነው። ጠመንጃውና ሌላው ትጥቅ ከዚህ በላይ ነው። ግዳጅ ላይ ሸክሙ ከዚህም ይብሳል።

ዋናው ጥያቄ ግን ዛሬ መቻልህ አይደለም፤ በ45 ዓመትህ ጉልበትህና ወገብህ ምን ይላሉ የሚለው ነው። ጆሮም አለ። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ካሳ ከሚጠይቁባቸው ጉዳቶች በብዛት አንደኛው የጆሮ ጩኸት ነው። ብዙ ጊዜ ከጠላት ጥይት ይልቅ ከራስ መሣሪያ የሚመጣ። ጓደኞችህ «ጆሮ መክደኛ ለፈሪ ነው» ቢሉህ አትስማ።

ፈሪ ብሆንስ? አእምሮዬስ?

ሁሉም ይፈራል። ሥልጠናው የሚደጋገመው ለዚሁ ነው፤ ጭንቅላት ሲቆም እጅ ሥራውን እንዲቀጥል።

ኋላ የሚመጣው ነገር ግን ይለያል። ከአስደንጋጭ ሁኔታ በኋላ የሚከሰተው የአእምሮ ጭንቀት በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ በስሙ የገባው በ1980 ነው። ከዚያ በፊት «ሼል ሾክ» ይባል ነበር፣ «የውጊያ ድካም» ይባል ነበር፣ አንዳንዴም በግልጽ ፈሪነት ይባል ነበር። ዛሬ ሕክምና አለው። ችግሩ ወታደሩ ራሱ ለመናገር ማፈሩ ነው። ድሮም እንቅልፍ የሚነሳህ፣ ያልታከመ የቆየ ጉዳት ካለህ፣ ውጊያ ያድነኛል ብለህ አትግባ። አያድንም።

ውጊያ ስለሚበዛበት ደመወዙ ይበልጣል?

አይበልጥም። አብዛኛው ጦር የሚከፍለው በማዕረግና በአገልግሎት ዘመን ነው። እኩል ማዕረግ ያላቸው እግረኛና ወጥ ሠሪ መነሻ ደመወዛቸው እኩል ነው። አሜሪካ ለአደገኛ ቦታ የምትጨምረው በወር ቢበዛ 225 ዶላር ነው። የግብር ነፃነትም አለ። ለገንዘብ ብለህ ከሆነ ሌላ ሙያ ፈልግ።

የአገሩ ዜጋ ካልሆንኩስ?

እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ቋሚ መኖሪያ ያለውን ሰው በተራ ወታደርነት ትቀበላለች። መኮንንነትና የምሥጢር ፈቃድ የሚጠይቁ ሙያዎች ግን ዜግነት ይፈልጋሉ። በ1831 የተቋቋመው የፈረንሳይ የውጭ አገር ሌጅዮን ከየትኛውም አገር ወንዶችን ይወስዳል። የመጀመሪያው ውል 5 ዓመት ነው፤ ምዝገባውም ነፃ ነው። «ገንዘብ ክፈለኝ አስገባሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመህ አጭበርባሪ ነው።

ልጄ እግረኛ ካልሆንኩ እያለ ነው። ምን ላድርግ?

እናት ወይም አባት ከሆኑ፣ መጀመሪያ አይጩኹበት። ከተጮኸበት ሄዶ ይፈርማል።

«ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» ይባላል። ቤት ውስጥ ያለው ፍርሃት ግማሹ ወሬ ነው፤ ልጁ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ጉጉትም ግማሹ ወሬ ነው። ሁለቱንም የሚያረግብ አንድ ነገር አለ። የተዋጋ ሰው ጋር ያገናኙት። መልማይ ሳይሆን፣ የወጣ ሰው። ከተቻለ ሁለት፦ አንድ የወደደው፣ አንድ የተማረረበት። እርስዎ ክፍሉን ለቀው ይውጡና ልጁ ብቻውን ይጠይቃቸው። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ከቀጠለ፣ ቢያንስ እያወቀ ነው የሚገባው።

ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ሌላ ነው። በ2000 የወጣው ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮል ያጸደቁት አገሮች ከ18 ዓመት በታች ያሉ የጦር አባሎቻቸው በውጊያ በቀጥታ እንዳይሳተፉ የሚቻለውን ሁሉ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። በአሜሪካ 17 ዓመት የሆነው ልጅ ያለ ወላጅ ፊርማ አይገባም። ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው። ላለመፈረም ምክንያት መስጠት አይጠበቅብዎትም።

ፈርሜ ሐሳቤን ብቀይርስ?

መቼ ነው የምትቀይረው? ወሳኙ ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፈርሞ ወደ ሥልጠና ገና ያልሄደ ሰው ያለ ቅጣት መተው ይችላል። «ትታሰራለህ» የሚል መልማይ ካጋጠመህ ዝም ብለህ በጽሑፍ አሳውቅና ተው። ወደ ሥልጠና የምትሄድበት ቀን ሁለተኛ ጊዜ ከማልክ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። እንግሊዝ ጦር ውስጥ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ምልምል 28 ቀን ካገለገለ በኋላ፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ልውጣ ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። የሌላ አገር ከሆነ መልማዩን ይህንኑ ጠይቅ፣ መልሱንም በየትኛው ገጽ እንደተጻፈ ያሳይህ። ገጹን ካላገኘልህ፣ ወረቀቱን ይዘህ ወደ ቤት ሂድና ነገ ተመለስ። የዚያን ቀን ጽሕፈት ቤቱ ይዘጋል እንጂ ጦሩ አይዘጋም።